ቲማቲም ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ፈጠራና ምርታማነት በምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ

ክቡራትና ክቡራን፤ የተሰጠኝ ርዕስ ፈጠራ በምግብ ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ምርታማነት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ እንድናገር ይጠይቃል። ይህ ርዕስ ከወፍጮ እስከ ቄራ፣ ከወተት እስከ ቢራ ሁሉንም ይጠራል። ሁሉንም ከጠራሁ ግን አንዱንም በወጉ ሳላስተናግድ ሰዓቴ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ምርት ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ የቲማቲም ድልህ። ሌላው በእርሱ ሰበብ ይነሳል።

ድልህን የመረጥኩት ጥያቄው በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ከጣሊያንና ከቻይና ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ የመጣ የቲማቲም ድልህ አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጣል። ከዚያ የጥቂት ሰዓት መንገድ በሆኑት በመቂና በባቱ ዙሪያ ደግሞ፣ ዋጋ በወደቀበት ሰሞን ገበሬው የለቃሚ ሒሳብ እንኳ አይወጣልኝም ብሎ ቲማቲሙን ማሳው ላይ ትቶት ይሄዳል።

ለዚህ ግራ የሚያጋባ ነገር የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ «ማሽን የለንም፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ይግባልን»። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ማሽን ያስፈልጋል፤ እርሱን የሚክድ የለም። ነገር ግን የምግብ ፋብሪካን ምርታማ ያደረጉት ትልልቅ ፈጠራዎች የሠራተኛን እጅ ያፈጠኑት አይደሉም። ጥሬ ዕቃው ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዘሙት፣ ፋብሪካው በዓመት የሚሠራበትን ቀን ያበዙት ናቸው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

አስቀድመን ምርታማነት ስንል ምኑን እንደምንለካ እንስማማ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ በሰዓት ስንት ሸሚዝ ሰፋ ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይነግረናል። በምግብ ፋብሪካ ግን ትልቁ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ዕቃው ነው። የዱቄት ፋብሪካ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በቀን 1,000 ኩንታል ስንዴ የሚፈጭ ፋብሪካ ከስንዴው አንድ በመቶውን ወደ ፍሩሽካ ከመሄድ ማትረፍ ቢችል፣ አንድም ሰው ሳይቀጥር፣ አንድም ሰው ሳያሰናብት በቀን 10 ኩንታል ዱቄት ተጨመረለት ማለት ነው። ከጥሬ ዕቃው ቀጥሎ ነዳጅና ኤሌክትሪክ አለ። ከዚያም ማንም በወጪ መዝገብ ላይ በግልጽ የማይጽፈው፣ ግን ከሁሉም የከፋው ወጪ ይመጣል፤ ማሽኑ ቆሞ የሚውልበት ቀን። ማሽን ሲቆም የባንክ ወለድ አብሮት አይቆምም።

አሁን ወደ ድልሁ እንግባ። ቲማቲም ከመቶ እጁ 95 የሚሆነው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ድልህ ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቲማቲም ይፈልጋል። ስለዚህ የድልህ ፋብሪካ በእውነቱ ውሃ የማባረር ሥራ የሚሠራ ቤት ነው፤ ቀይ ነገር ይሸጣል እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ከውሃ ጋር ነው። ውሃን ማባረር ደግሞ ነዳጅ ይበላል።

ይህን ችግር የፈታው ሰው ቲማቲም አልነበረም በእጁ የያዘው፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ነበር። ኖርበር ሪልዩ ይባላል፤ በ1806 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከነጭ አባትና ነጻ ከሆነች ጥቁር ዝርያ ካላት እናት ተወለደ። ፓሪስ በሚገኘው ኤኮል ሳንትራል ተምሮ እዚያው አስተምሯል። በዚያን ዘመን በሉዊዚያና ስኳር የሚሠራው አፋቸው ክፍት በሆነ፣ በተርታ በተጣዱ ትልልቅ ድስቶች ነበር። በባርነት የተያዙ ሰዎች የፈላውን ጭማቂ በረጅም ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ይገለብጣሉ፤ ሰው ይቃጠላል፣ ስኳሩም ያራል፣ እንጨቱ በክምር ያልቃል። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ በከንቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

የሪልዩ ሐሳብ እንዲህ ነው። አየር በተመጠጠለት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ከወትሮው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እንግዲያው ከመጀመሪያው ዕቃ የወጣው እንፋሎት፣ ለከንቱ ከሚለቀቅ፣ ግፊቱ ዝቅ ያለውን ሁለተኛውን ዕቃ ለማፍላት ይበቃል፤ የሁለተኛውም እንፋሎት ሦስተኛውን ያፈላል። የፈጠራ መብቱን በ1843 እና በ1846 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ። በሦስት ተከታታይ ዕቃዎች የተሠራ ማትነኛ፣ ማለትም ውሃን አፍልቶ የሚያባርር መሣሪያ፣ በአንድ ኪሎ እንፋሎት ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ያባርራል። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነም ምርቱ አያርም፤ ቀለሙም ጣዕሙም ይጠበቃል። ዛሬ የትኛውም የስኳር፣ የወተት ዱቄት ወይም የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ብትገቡ ይኸው አሠራር ነው የሚጠብቃችሁ። ሆላንዳውያን በ1954 እ.ኤ.አ. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምሩ የሪልዩ ሐሳብ የመቶ ዓመት ዕድሜ ነበረው። ሰውየው ግን በአገሩ ብዙም አልተመቸውም፤ ሉዊዚያና በጥቁሮች ላይ ሕጓን እያጠበቀች ስትሄድ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ እዚያው ፓሪስ ሞተ።

ነዳጁን በዚህ መንገድ ቀነስን እንበል። ጊዜው ግን አሁንም ጠላት ነው።

ካሊፎርኒያ በዓለም ላይ ከፍተኛ የፋብሪካ ቲማቲም ከሚያመርቱት ቦታዎች አንዱ ነው። የቲማቲሙ ለቀማ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው፤ ሦስት ወር ያህል። በእነዚያ ወራት ፋብሪካዎቹ ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ መኪና በሁለት ተሳቢ 25 ቶን ያህል እየጫነ ይሰለፋል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው። ድሮ በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ የመጣው ቲማቲም ሁሉ እስከ መጨረሻው ምርት ድረስ መድረስ ነበረበት፤ ድልሁም፣ ኬቻፑም፣ ስጎውም፣ ትንሹም ትልቁም ጣሳ። በመጪው መጋቢት ገበያው የትኛውን እንደሚፈልግ በመስከረም ገምቶ ማሸግ ማለት ነው። ግምቱ ሲስት መጋዘኑ በማይፈለግ ጣሳ ይሞላል። የማሸጊያ መስመሩም ሦስት ወር ተጨንቆ ዘጠኝ ወር ይተኛል።

ፊሊፕ ኔልሰን ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ቤተሰቡ በኢንዲያና ግዛት የቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ ነበረው። ከዚያ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ መምህር ሆነ። የሠራው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ፈሳሹ በቱቦ ውስጥ እያለፈ በፍጥነት ይሞቃል፣ በፍጥነት ይበርዳል፤ ከዚያ ከጀርም በጸዳ መንገድ፣ ከጀርም ወደ ጸዳ ትልቅ ታንከር ወይም ትልቅ ከረጢት ይገባል። ከረጢቱ በርሜል ወይም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አንድ ቶን ያህል ሊይዝ ይችላል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ለወራት ይቆያል። በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው በዚህ ሥራው ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በለቀማው ወራት የሚሠራው ሥራ ውሃ ማባረርና ወደ ከረጢት መሙላት ብቻ ሆነ። ኬቻፕ የሚሠራው፣ ትንሽ ጣሳ የሚሞላው ፋብሪካ ከማሳው አጠገብ መሆኑ ቀረ፤ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ትዕዛዝ እየጠበቀ 12 ወር ይሠራል። የትኛውም ማሽን በሰዓት አንድ ጣሳ አልጨመረም፤ ፍጥነቱ ያው ነው። ምርታማነቱ ግን ተለወጠ፤ ምክንያቱም የሚሠራበት ቀን ተባዛ። ከብራዚል በመርከብ ታንከር የሚጓዘውም የብርቱካን ጭማቂ በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ወተት ልዙር፤ የእኛ አገር የወተት ፋብሪካዎች ከካሊፎርኒያው ጋር የሚመሳሰል ችግር አለባቸውና። የእነርሱ ወቅት ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። ገበያው በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ሩበን ራውዚንግ ስዊድን ውስጥ ሉንድ ከተማ ላይ በ1951 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ቴትራ ፓክ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከጀርም በጸዳ መንገድ በካርቶን የሚታሸግ ወተት አቀረበ። ወተቱ ከ135 እስከ 140 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለጥቂት ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ወራት ይቆያል። በጾም የታለበን ወተት ለፋሲካ ማቆየት ለአውሮፓ ተራ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ወተት ፋብሪካ ግን በዓመት የሁለት ወር ሥራ ማለት ነው። ካርቶኑ በውጭ ምንዛሬ መግባቱ ሌላ ጣጣ ነው።

ጊዜን ማሳጠርም ሆነ ማራዘም ሁልጊዜ ትርፍ ብቻ አያመጣም። እንግሊዞች በ1961 እ.ኤ.አ. ቾርሊዉድ በተባለ ቦታ የዳቦ ሊጡን በኃይለኛ ማሽን ሦስት ደቂቃ ያህል በማሸት፣ ሰዓታት የሚወስደውን ኩፌት አስቀሩት። ከካናዳ በሚያስገቡት ጠንካራ ስንዴ ፋንታ የራሳቸውን ደካማ ስንዴ በብዛት መጠቀምም ቻሉ። ዛሬ በአገሪቱ ከሚበላው ዳቦ አብዛኛው በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ጣዕሙን የሚያማርሩ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። በእንጀራ ላይ ይህን ለመድገም የሚያስቡ ወጣት መሐንዲሶች አጋጥመውኛል፤ የሊጡን ቀናት ወደ ሰዓታት እናሳጥር ይላሉ። እንጀራ እንጀራ የሚሆነው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ዓይኑም ጣዕሙም ከእርሾው ሥራ ይመጣል። የእንጀራ ማነቆ ያለው በሌላው ጫፍ ነው። ከተጋገረ በኋላ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚላከው እንጀራ በአውሮፕላን የሚበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ላይ የሚጨመረው የሻጋታው ፍርሃት ነው። እንጀራን ሁለት ሳምንት በጤና ማቆየት የቻለ ሰው በሰዓት ሺህ እንጀራ ከሚጋግር ማሽን የበለጠ ሥራ ሠራ እላለሁ።

ወደ ቲማቲም ልመለስ፤ አሁን ወደ ማሳው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ ላይ፣ ጃክ ሃና የሚባል ዘር አዳቃይና ኮቢ ሎሬንዘን የሚባል መሐንዲስ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቲማቲምን በማሽን ለመልቀም ተነሱ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው፤ ቲማቲም ለስላሳ ነው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየበሰለ የሚለቀም ነው። ሁለቱ ያደረጉት ብልህ ነገር ማሽኑንና ዘሩን አንድ ላይ መሥራታቸው ነው። ሎሬንዘን ተክሉን ከሥሩ ቆርጦ አንስቶ የሚያራግፍ ማሽን ሠራ፤ ሃና ደግሞ ቆዳው የጠነከረ፣ ሲራገፍ የማይፈነዳ፣ ፍሬው ባንድ ጊዜ የሚበስል ዝርያ አወጣ። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ አልነበረውም። ከሜክሲኮ ጊዜያዊ ለቃሚዎች የሚመጡበት ስምምነት በ1964 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲያበቃ ገበሬዎቹ ወደ ማሽኑ ጎረፉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለፋብሪካ የሚሄደው ቲማቲም ሁሉ ማለት ይቻላል በማሽን የሚለቀም ሆነ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሄክታር ወደ 400 ኩንታል አካባቢ የነበረው ምርት፣ ዘሩ እየተሻሻለ፣ በኋላም የጠብታ መስኖ እየተስፋፋ፣ ዛሬ ከ1,000 ኩንታል አልፏል። የእኛ አገር አማካይ 100 ኩንታል አይሞላም።

ይህን ሳወራ የሌላውን ወገን ሒሳብ መዝለል አልፈልግም። ቲማቲም ለፋብሪካ የሚያቀርቡት የካሊፎርኒያ ገበሬዎች 4,000 ያህል ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት 600 ገደማ ቀሩ፤ ማሽኑን መግዛት የቻለው ሰፊ መሬት ያለው ብቻ ነበርና። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ለቃሚዎች ሥራ አጡ። ማሽኑ ላይ ተቀምጠው ያልበሰለውን የሚለዩት ሴቶችም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀለም የሚለይ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲመጣ ብዙዎቹ ተሰናበቱ። በ1979 እ.ኤ.አ. የገጠር ሠራተኞች ጠበቆች ዩኒቨርሲቲውን በሕዝብ ገንዘብ የሀብታሞችን ማሽን ሠራችሁ ብለው ከሰሱት። ክሱ ዓመታት ፈጅቶ በይግባኝ ዩኒቨርሲቲው ረታ። ጥያቄው ግን በፍርድ ቤት የሚዘጋ ዓይነት አይደለም።

ለእኛ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመን የትኛው ግማሽ ነው? ማሽኑ አይደለም። መቂ ላይ የሚለቅም እጅ አልጠፋም። የሚጠቅመን የሃና ግማሽ፣ ዘሩ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከመቶ 28 እጁ ጠጣር፣ ማለትም ውሃ ያልሆነ ነገር፣ የሆነ ድልህ እንፈልጋለን። ቲማቲሙ ውስጥ ያለው ጠጣር ነገር 4.5 በመቶ ከሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ድልህ 6.2 ኪሎ ቲማቲም ይሄዳል። 5.5 በመቶ ከሆነ 5.1 ኪሎ ይበቃል። በእያንዳንዱ ኪሎ ድልህ ከአንድ ኪሎ በላይ ቲማቲም አልተገዛም፣ አልተጫነም፣ ከአንድ ኪሎ በላይ ውሃም አልፈላም። የዘር አዳቃዩ ሥራ በቦይለሩ የነዳጅ ሒሳብ ላይ ይታያል ማለት ነው። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ለፋብሪካ የሚሆን መልካ ሳልሳ የሚባል ዝርያ ካወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ማሳው ላይ በብዛት የምታገኙት ግን እነ ገሊላንና እነ ሻንቲን ነው፤ ፍሬያቸው ትልቅ፣ መንገድ የሚችል፣ በአይሱዙ ተጭኖ አትክልት ተራ ድረስ ሳይፈርጥ የሚደርስ። ገበሬው አልተሳሳተም፤ የሚከፍለው ገበያ የሚፈልገውን ተከለ። ፋብሪካው ግን ከዚያ ገበያ የተረፈውን ይቀበላል። በትርፍራፊ ላይ የተመሠረተ ፋብሪካ በትርፍራፊ ቀን ነው የሚሠራው።

«ከአቅም በታች ማምረት» የሚለው ሐረግ በዜና ላይ ስለለመድነው ጆሯችን አይሰማውም። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ሲነገር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ዘመናዊ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዘይት ኢንዱስትሪያችን የሰማነው ግን በአመዛኙ ስለ ቅባት እህል እጥረትና ስለ ውጭ ምንዛሬ ነው። ማሽኑ ምንም አላጠፋም። አዲሱ ነገር የተተከለው ማነቆው በሌለበት ቦታ ነው።

አንዳንዱ ፈጠራ ደግሞ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ የማፍላትን ዘዴ በ1810 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከዚያ በኋላ 80 ዓመት በላይ የዓለም ጣሳ አሻጊዎች ለምን አንዳንዱ ጣሳ እንደሚያብጥና እንደሚፈነዳ ሳያውቁ፣ በልማድ ብቻ ያፈሉ ነበር። በ1895 እ.ኤ.አ. ዊሊያም አንደርውድ የተባለ የአሻጊ ቤተሰብ ልጅ ያበጡ ጣሳዎች ይዞ ወደ ማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መጣ፤ እዚያ ከሚሠራው ከሳሙኤል ፕሬስኮት ጋር መርምረው ሙቀትን የሚቋቋሙ ተህዋስያን ከመፍላት እንደሚተርፉ፣ ለየምርቱ የተወሰነ ሙቀትና የተወሰነ ደቂቃ እንደሚያስፈልግ አሳዩ። አዲስ ማሽን አልሠሩም። የሚጣለው ጣሳ ግን ቀነሰ፤ ያለ ምክንያት ከልክ በላይ የሚፈላውም እንዲሁ። በእኛም ፋብሪካዎች በር ላይ የቲማቲሙን ጠጣር የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ቢኖርና ገበሬው በሣጥን ብዛት ሳይሆን በዚያ ንባብ ቢከፈለው፣ መልካ ሳልሳን መትከል ለምን እንደሚጠቅም ማንም ሥልጠና መስጠት አያስፈልገውም ነበር።

መብራት ሳልጠቅስ ብቀር ኦፕሬተሮቹ ይቀየሙኛል። ማትነኛው ላይ ኃይል ሲቋረጥ የወፈረው ጭማቂ ትኩሱ ቱቦ ላይ ቆሞ ያራል። ከጀርም የጸዳው የመሙያ መስመር ደግሞ አንዴ ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው መጽዳት አለበት። ተመልሶ እስኪጸዳ ድረስ በር ላይ የቆመው ቲማቲም ፀሐይ ይመታዋል። ስለዚህ አስተማማኝ ኃይል ሳያዘጋጁ ይህን ቴክኖሎጂ ማስገባት አሮጌውን ጉዳት በአዲስ ዋጋ መግዛት ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ ባቱ አጠገብ በሚገኘው የቡልቡላ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የጣሳ መስመር ከመትከሌ በፊት ማትነኛና ትልልቅ ከረጢት የሚሞላ መስመር እተክላለሁ። ለትንሹ ጣሳ የሚሆነው ቆርቆሮ ከውጭ ይመጣል፤ እርሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ እንደ ትዕዛዙ ይታሸግ። ያው የመሙያ መስመር ቲማቲም በሌለበት ወራት የአርባ ምንጭን ማንጎ ወይም ዘይቱናውን ጨምቆ መሙላት ይችላል፤ የሥራው ቀን የሚበዛው በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማነቆ ግን የምሕንድስና አይደለም። ፋብሪካውና ገበሬው አስቀድመው በዋጋ ይስማማሉ። ለቀማው ሲደርስ የገበያው ዋጋ እጥፍ ከሆነ የደላላው አይሱዙ በሌሊት ማሳው ላይ ይደርሳል። የገበያው ዋጋ ከወደቀ ደግሞ ፋብሪካው ትናንት ያላየውን ጉድለት ዛሬ ቲማቲሙ ላይ ያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገበሬዎቹ ማኅበር ከፋብሪካዎቹ ጋር ዋጋውን አስቀድሞ ይደራደራል፤ እያንዳንዱን መኪና የሚመዝነውና ደረጃ የሚሰጠው ደግሞ ከሁለቱም ያልወገነ ጣቢያ ነው። ይህም ፈጠራ ነው፤ ማንም በፈጠራ መብት አላስመዘገበውም እንጂ። እኛ ዘንድ ያ ገለልተኛ ሚዛን የማን ይሁን? የወረዳው? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ? የፓርኩ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ውል ተፈርሞባቸው ያፈረሱም፣ የፈረሰባቸውም ከሁለቱም ወገን ተቀምጠዋል። ማይክራፎኑን ለእነርሱ እሰጣለሁ።